ወይኑንም እንደ ጠጁ

ሐይቅ ከተማ ጠጅ ቤት ገብቶ የሚቀመጥን ሰው ስለ ጠጅ የሚያስተምረው የለም። ብርሌውን ወደ ብርሃን ዘወር አድርጎ ያየዋል፣ አንድ ጊዜ ይጎነጫል፣ ይፈርዳል።

«እማማ፣ ይሄ'ኮ የስኳር ነው!»

«ማሩ የት ይገኛልና ልጄ? ግማሽ በግማሽ አድርጌዋለሁ።»

በቃ። ትችት ተሰጠ፣ መልስ ተገኘ፣ ጠጁም ተጠጣ። የተቀየመ የለም። ሰውዬው «የስኳር ነው» ያለው ጠጁን ሊንቅ ሳይሆን የሚጠጣውን ስለሚያውቅ ነው። ዋጋውም የማር ጠጅ ዋጋ አለመሆኑን ያውቃል። ለዋጋው ከበቃ፣ ደግሞ ይቀዳለታል።

ይኸው ሰው ለልጁ ምርቃት ሁለት ጠርሙስ ጉደር ይገዛል። ያን ጊዜ ምላሱ ይታሰራል። ቀምሶ ቢጎመዝዘው «የወይን ነገር ስለማልችል ይሆናል» ብሎ ይውጠዋል። ጣፋጩን አክሱማይት ገዝቶ ቢወደው ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎቱ ልጅ «እሱ'ኮ የሴቶች ነው፣ ርካሽ ነው» ስላለው መውደዱን ይደብቃል። ጠጅ ፊት ዳኛ የነበረ ሰው ወይን ፊት ተከሳሽ ይሆናል።

ለዚህ ተጠያቂው ጠጪው አይደለም። ስለ ወይን በአማርኛ የሚጽፈው ሰው ነው።

ለብዙ ዓመት ስለ ወይን በአማርኛ የሚነገረው ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ሻማ፣ ሶፋ፣ ሱፍ የለበሰ ወንድ፣ የምትስቅ ሴት። ጣዕሙን ግን አንድም ቀን አልነገሩንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ሻማውና ሶፋው ወደ ስልካችን ተሰደዱ። አሁን ማስታወቂያውን የሚሠራው «ወዳጃችሁ» ነው። ጠርሙሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ሌላው ጸሐፊ ከውጭ መጽሔት የሚተረጉመው ነው። «የጥቁር እንጆሪ መዓዛ፣ የቫኒላ ስሜት፣ በመጨረሻም የትንባሆ ቅጠል» ይለናል። አንባቢው አብዛኛውን አሽትቶ አያውቅም፣ አንዳንዴ ተርጓሚውም ጭምር። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘና የሆነው ሆነ። በትርጉም የተጎዳ አገር ልጅ ቢያንስ በወይን ጠርሙስ ላይ ጠንቀቅ ማለት ነበረበት።

ሰባኪም አለ፤ እሱ ግን የሚያምንበትን ስለሚናገር ከሁለቱ ይሻላል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

*

የሚያስቀው ነገር፣ አማርኛ ለወይን የሚሆን ቋንቋ ሳያጣ ነው ብድር የገባው። የመጠጡን ስም ራሱን እንመልከት። «ወይን ጠጅ» እንላለን። አባቶች ይህን የባዕድ መጠጥ ሲያገኙ ባዕድ ስም አልፈለጉለትም። ጠጅ አውቃለሁ፣ ይህ ደግሞ የወይኑ ጠጅ ነው አሉ። እንዲያውም ቀለም ሆኖ «ወይን ጠጅ ቀሚስ» እስከማለት ደረስን።

ጠጅ ቤት «ደረቅ ወይስ ለስላሳ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መካከለኛም አለ። የፈረንጅ የወይን ምደባ ከዚህ ምን ጨመረ? ስኳሩ በመፍላት ተበልቶ ሲያልቅ ደረቅ፣ ሳያልቅ ሲቀር ለስላሳ። ሥራው አንድ ነው፣ ቃሉም አንድ ነው። ጠላ ጋ ከሄድን ደግሞ ጉሽ አለ፣ ቅራሪ አለ፣ ጌሾ የበዛበት አለ፣ ያልበሰለ አለ፣ የሆመጠጠ አለ። የአምባሰል ሰው ማርን ሲቀምስ ነጩን ከቀዩ፣ ንጹሑን ከተቀላቀለው ይለያል። የአገሩን ስም «የማር አምባ» ብለው የሚፈቱት እንኳ አሉ፤ «አሰል» በዓረብኛ ማር ነውና። ፍቺው ልክ ይሁን አይሁን የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩበት። ለማር ይህን ያህል ስስ የሆነ ምላስ ለወይን ዲዳ የሚሆንበት ምክንያት ግን የለም።

ፍሬውም ቢሆን ሞልቶናል። በአምባሰል ተረተር ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ አጋምን ያውቃል። ያልበሰለው ምላስ ይይዛል፣ የበሰለው ጥቁር ሆኖ ይጣፍጣል፣ ወተቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ቀጋን ያውቃል፣ ሾላን ያውቃል። እንግዲህ ስለ ጉደር እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦ «ደረቅ ቀይ ነው። መጀመሪያ ላይ ያልበሰለ አጋም ይመስላል፣ ኋላ እንደ ወፈረ ሻይ ምላስ ይይዛል። ብቻውን ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጥብስ ሲመጣ ይላላል። ተከፍቶ ካደረ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል።» ይህ ግጥም አይደለም፣ ሽልማትም አያሸልምም። ያነበበው ሰው ግን ሱቅ ሲገባ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ቀምሶት «ኧረ አጋም አይመስልም» ብሎ መከራከርም ይችላል። ማንም የማያውቀው የትንባሆ ቅጠል ላይ ግን ክርክር የለም።

*

የርካሽ ወይን ንቀት ከየት መጣ? ከአምራቾቹ እንዳይሆን፣ ታሪካቸው ሌላ ነው የሚናገረው።

ከሐይቅ ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የቢራ ፋብሪካውን ያውቀዋል፤ የቢጂአይ ነው። ቢጂአይ የፈረንሳዩ ካስቴል ቤት ነው። ካስቴል ደግሞ ከቢራ በፊት የወይን ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ዘጠኝ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ቦርዶ ላይ ያቋቋሙት ንግድ ነው። ሀብት ያፈሩትም ለመኳንንት በሚሸጥ ወይን ሳይሆን ፈረንሳዊው ሠራተኛ ከምሳው ጋር በሚጠጣው ተራ የገበታ ወይን ነው። ይኸው ቤት ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ወይን ተክሎ፣ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» የተባሉትን ለገበያ አወጣ። ሪፍት ቫሊ የወይኑን ዝርያ ስም በጠርሙሱ ላይ የሚያስነብብ ነው። አካሲያ ለእኛ ምላስ የቀረበ፣ ለስለስ ያለ ነው። እንግዲህ አንዱ «አካሲያ የሰፈር ነው» ብሎ ሲያጣጥል፣ የሚያጣጥለው የባለቤቶቹን የመጀመሪያ እንጀራ መሆኑን አይረዳም።

የጉደርና የአክሱማይት እናት የሆነው አዋሽ ወይን ጠጅ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከነጋዴው ሙሉጌታ ተስፋኪሮስ ጋር የገዛው ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። የዚህ ድርጅት ሰብሳቢ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ይህ ስም ወሎ ውስጥ በሌላ ይታወቃል። በ77ቱ ድርቅ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከቆረም የወጣው ፊልም ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ዘፋኞችን አሰባስቦ እርዳታ ያሰባሰበው እሱ ነው። ሰውዬው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ለዚያው አገር በወይን ንግድ ተመልሶ መጣ። አንዳንዱ ይህን እንደ ስላቅ ያየዋል። በሌላ ዓይን ግን፣ አንድ አገር በስንዴ ልመና ብቻ ሳይሆን በጉደር ጠርሙስም ሲታሰብ ምንም ክፋት የለውም።

ንቀቱ ከጣዕምም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ6,000 በላይ የቅምሻ ውጤቶችን መረመረ። ቀማሾቹ የጠርሙሱን ዋጋ አያውቁም። ውጤቱ፣ ሥልጠና የሌላቸው ተራ ጠጪዎች ውዱን ከርካሹ አብልጠው አልወደዱም፤ እንዲያውም በጥቂቱም ቢሆን ወደ ርካሹ አጋደሉ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2001 የቦርዶ ተመራማሪዎች ለ54 የወይን ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልመው ቢሰጧቸው፣ ተማሪዎቹ ለቀይ ወይን በሚነገሩት ቃላት ገለጹት። የወይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው እንግዲህ! የአጎት ልጅማ ምን ይደንቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ቀማሽ ግን የቃና ዘገሊላው ሠርግ አሳዳሪ ነው። ወይኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ስም አልተነገረውም፣ ዋጋ አልሰማም። ቀመሰ፣ ካለፈው ጋር አስተያየ፣ ሙሽራውን ጠርቶ ፍርዱን ነገረው። ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው።

*

የአጎት ልጅ የሚስቅበትን ነገር ደግሞ እንመልከት፤ ጣፋጭ ወይን ከወጥ ጋር፣ ወይን በኮካ።

በርበሬ ምላስ ላይ እሳት ነው። አልኮል እሳቱን ያራግበዋል፤ ደረቅ ቀይ ወይን ውስጥ ያለው አፍ የሚይዘው ታኒንም ይብስበታል። ስኳር ግን ያበርደዋል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ፊት የተቀመጠ ሰው ጉደርን ትቶ አክሱማይት ቢያነሳ የጣዕም ድሃ አይደለም፣ ምላሱ ልክ ነግሮታል። «ቀይ ለሥጋ፣ ነጭ ለዓሣ» የሚለው ሕግ የተደነገገው በርበሬ በማያውቅ ወጥ ቤት ነው። ሐይቅ ዳር የሚቀርበው ዓሣ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ አይደለም፤ በዘይት ደርቆ ተጠብሶ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ የሚበላ ነው። እሱ የሚፈልገው ቀዝቃዛና ለስለስ ያለ ነገር ነው። ነጭ ይሁን ቀይ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። (ቆሮሶው ራሱ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ዛሬ «የሐይቅ ዓሣ» ሲባል ግን ማን ይጠይቀዋል? ምግብና መጠጥ አገር የሚሆነው እንዲህ ነው።)

ወይን በኮካ ደግሞ የስፔን ባስኮች «ካሊሞቾ» ብለው ስም አውጥተውለት በበዓላቸው የሚጠጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አልጎርታ በተባለች የወደብ መንደር፣ ለበዓል የተገዛው ወይን የተበላሸባቸው ወጣቶች ጣዕሙን ለመሸፈን ቀላቅለውት ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። የወይን አገር ልጆች ያላፈሩበትን የደሴ ወጣት የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በእውነት ለመጻፍ ከሆነ ግን ሌላውም ይጻፍ፦ ኮካው ወይኑን አያሻሽልም፣ ይሸፍነዋል። ጥሩ ጉደርና የተበላሸ ጉደር በኮካ ውስጥ አንድ ናቸው። ጣፋጭ ስለሆነም ቶሎ ይወርዳል፣ ስንት እንደተጠጣ አይታወቅም።

የተበላሸ ከተባለ አይቀር፣ ከፋብሪካው ይልቅ ባለሱቁ የሚወቀስበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠርሙሱ ለዓይን እንዲስብ መስኮት ላይ ይደረደራል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታዋል፤ ወራት ያልፋሉ። ወይን ሙቀትና ብርሃን ጠላቱ ነው። ያ ጠርሙስ ሲከፈት ጠውልጎ ይወጣል፣ ጠጪውም «የአገራችን ወይን እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል። አንድ የወይን ጸሐፊ ስለ ቫኒላ ሽታ ከሚደክም ይልቅ «መስኮት ላይ ያለውን አትግዙ፣ ከጓዳ ያለውን አውጣልኝ በሉት» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ስንት ምርቃት ባሳመረ።

ስለ ዋጋም እንዲሁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ጠርሙስ ለደመወዝተኛ ከመደርደሪያ ላይ የሚታይ ጌጥ ሆኗል። ንጹሕ የማር ጠጅም የዕለት መጠጥ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ አንድ መምህር ወይም ነርስ በወር አንድ ጊዜ ሊገዛ የሚችለው ወይን የአገር ውስጡ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ወጪ አይደለም። ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው የሚጻፍ ጽሑፍ ዋጋ ሳይጠቅስ፣ «ይህን ያህል ያወጣል ወይስ አያወጣም» ሳይል ካለፈ ምኑን ጽሑፍ ሆነ?

*

አሁን ወደ ሰባኪው። እውነት ይጻፍ ከተባለ የሚያመውም ይጻፋል።

«ወይን ለልብ ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ ከማስታወቂያ በላይ የሄደ ውሸት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያወጣው መግለጫ፣ ለጤና ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ይላል። ወይን ስለሆነ የሚለይ ነገር የለም። ሒሳቡም ቀላል ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሆነ 12 በመቶ ወይን 90 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 16 ተኩል። አንዱ የወይን ጠርሙስ አምስት ቢራ ተኩል ነው ማለት ነው። «ወይን ነው እንጂ ሌላ አልጠጣሁም» ብሎ መሪ የሚጨብጥ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ መንገድ ዳር ለሚሄደው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ስለ ርካሽ ወይን የሚጽፍ ሰው ይህን ከደበቀ ከሻማና ከሶፋው ሰው በምን ተሻለ?

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጎረቤቱ አይጠጣም። ሐይቅና አምባሰል ስለ ወይን ሲወራ፣ ከሚያዳምጠው ውስጥ ብዙው ሙስሊም ነው። ከክርስቲያኑም ቢሆን ወይን ሲባል መጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን ትዝ የሚለው አለ፤ እሱም በሐይቅ እስጢፋኖስም ሆነ በሌላው ደብር ዘቢብ በውኃ ርሶ የሚጨመቅ እንጂ እንደ ጠጅ የሚፈላ አይደለም። የአዲስ አበባው ጸሐፊ «ወይን የማይጠጣ ሰው ኑሮ አያውቅም» ብሎ ሲጽፍ ይህን ሁሉ ሕዝብ ኑሮ አያውቅም ማለቱ ነው። መጠጥን ከሥልጣኔ ጋር ማያያዝ ርካሹን ወይን ከመናቅ ጋር አንድ በሽታ ነው፤ ሁለቱም ሰውን በብርጭቆው ይመዝናሉ። ወይን መጠጥ ነው። ለሚወደው ደስ ይላል፣ ለማይጠጣው አይጎድልበትም፣ ለሚያበዛው ጠንቅ ነው። ይህን ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ስለ አጋሙ ጣዕም ሲናገር ይታመናል።

ወሎዎች ይህን ነገር ሳይጻፍ ፈትተውት ነበር። የክርስቲያን ሠርግ ሲሆን ለሙስሊም ጎረቤት ሥጋው ለብቻ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱ ይለያል፣ መቀመጫው ይዘጋጃል። በአንዱ ወገን ጠላ፣ ጠጅ፣ አሁን አሁን ደግሞ ጉደርና አካሲያ ይቀርባል። በሌላው ወገን ብርዝና ቀሪቦ። ሙሽሮቹ ሁለቱም ጋ ዞረው ይመረቃሉ።

እዚያ ሠርግ ላይ ማን ደህና ቀማሽ እንደሆነ ለማየት ከጠርሙሱ ወገን ሳይሆን ከብርዙ ወገን መቀመጥ ይሻላል። ከጠርሙሱ ወገን ያሉት ብርጭቆ አንስተው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እየተባባሉ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ከብርዙ ወገን ያሉት አንድ ሽማግሌ ግን ጎንጨት አድርገው ኩባያውን ያስቀምጡና የሙሽራውን እናት ይጠራሉ።

«አንቺ፣ ውኃ አብዝተሽበታል።»

«ውይ አባባ! እንግዳው በዛብኝ'ኮ።»

«ይሁን፣ ማሩ ግን ደህና ነው። ከየት አመጣሽው?»

«ከአምባሰል ነው፣ ከወንድሜ።»

«አውቄዋለሁ» ይሉና ኩባያውን መልሰው ያነሳሉ።